ያለ ዕድሜዬ የተሰጠኝ ከዘራ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የያዝኩት ብረት መዳፌን ጠበሰኝ። ቀይ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም። ጠቁሮ መሬት ላይ የተጋደመ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። የቀዘቀዘ መሰለኝ። አዲሱ ሠራተኛ ታታሪ ነው ይባልልኝ ብዬ ማንም ሳያዘኝ ጎንበስ ብዬ ጨበጥኩት።

የምድጃው አለቃ ጋሽ አየለ አልደነገጡም። እጄን ይዘው ባልዲ ውስጥ ነከሩትና፣ "ቀዩንማ ሕፃንም ይፈራዋል" አሉኝ። "ሰው የሚበላው ጥቁሩ ነው። ውሃ ሳትረጭበት ብረት አትንካ።" ብረት ከሚቀጠቀጥበት ከመስፉ ሥር የውሃ ጣሳና ያለቀ መጥረጊያ ነበር። ብረቱ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ከጮኸ አይነካም፣ ዝም ካለ ይነሳል። ጠባሳው ዛሬም መዳፌ ላይ አለ። በሙያችን ይህ ጠባሳ የሌለው ሰው ካጋጠማችሁ ውሸታም ነው።

ቦታው ነፋስ ስልክ ነው። ግቢው የአንድ ጣሊያን ነበር፤ ሁላችንም "ሙሴ" እንለዋለን። ባሌስትራ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከጭነት መኪና ሆድ ሥር ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ጎባጣ ብረት ነው። ጭነትና ኮረኮንች መንገድ ተባብረው ያደቅቁታል፤ ይለጠጣል፣ ይሰበራል። እኛ እንፈታዋለን፣ በከሰል ምድጃ እናግለዋለን፣ በመዶሻ ጉብጠቱን እንመልስለታለን፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነክረን እናጠነክረዋለን። በደንብ የተሠራ ባሌስትራ ጭነቱ ሲወርድለት ወደ ቦታው ይመለሳል። በመጥፎ የተሠራው ወይ እንደተለጠጠ ይቀራል፣ ወይ ይሰነጠቃል።

ይህ ሥራ ለብቻ አይሠራም። ዋናው ሰው በግራ እጁ የጋለውን ብረት በጉጠት መስፉ ላይ ይይዛል፤ በቀኙ ትንሿን መዶሻ ይይዛል። መቺው ፊት ለፊቱ ትልቁን መዶሻ ይዞ ይቆማል። ንግግር የለም፤ ጩኸቱ አያስወራም። ትንሿ የነካችበት ቦታ ላይ ትልቁ ያርፋል። ትንሿ ቀስ ካለች ትልቁም ቀስ ይላል፤ ከበረታች ይበረታል። ትንሿ መዶሻ መስፉ ላይ በጎኗ ስትተኛ መቺው ያቆማል። ብረቱ ቀይ ሆኖ ብዙ ስለማይቆይ የመጠያየቂያ ፋታ የለም። የማይግባቡ ሁለት ሰዎች ወይ ብረት ያበላሻሉ ወይ ጣት።

ጋሽ አየለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሙሴ መቱ። ሲደክማቸው ሙሴ እጃቸውን ጨብጦ አንድ ሸሚዝ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ዘበኛው ሊያስነሳቸው ሲል ሁለት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ። ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት፤ እንደ እሳቸው ሰው በር ላይ ተቀምጬ አልጨርስም፣ የራሴ ምድጃ ይኖረኛል አልኩ።

ትንሿ መዶሻ ከእሳቸው ወደ እኔ ተላለፈች። ከፊቴ የቆመው መቺ ከድር ነበር። ከድር ከስልጤ አገር የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። የትልቁን መዶሻ እጀታ ከወይራ እንጨት ራሱ ጠርቦ አበጅቶታል፤ ሌላ ሰው ሲነካበት ፊቱ ይለወጣል። ብዙም ሳይቆይ ትንሿ መዶሻዬ ገና ሳታርፍ የት እንደምታርፍ ያውቅ ጀመር። እኔ ቁጡ ነኝ፣ እሱ ዝምተኛ ነው፤ መስፉ ላይ ግን እንደ አንድ ሰው ነበርን። ከሚስቴ ጋር እንኳን እንደዚያ ተግባብቼ አላውቅም፤ አስካለ ይህን ብታነብ ትስማማለች።

ምሳችንን የምንበላው ከምድጃው ግድግዳ ሥር ነው። እዚያ ነው ነገሩን ያሰብነው። "ይህን ለሰው የምንመታውን ለራሳችን ብንመታው?" አለኝ ከድር አንድ ቀን። ቦታም መረጥን፤ በጅማ መንገድ፣ ለቡ ላይ። ለቡ ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ነው። የጭነት መኪና ከጅማ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ምድጃ የእኛ ይሆናል አልን። ሁለታችንም ዕቁብ ገባን። ሀብታም መሆን አላማረንም። ጠዋት ተነስተን "ዛሬ ደግሞ ምን ይሉን ይሆን" ሳንል እሳታችንን ማንደድ፣ ሲደክመን ደግሞ ማረፍ ነው የፈለግነው። ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም። እሱንም ነሱን።

አብዮቱ ፈነዳ። ሙሴ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፣ ግቢው የመንግሥት ሆነ፣ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። "ከእንግዲህ የዚህ ግቢ ባለቤቶች እናንተ ናችሁ" ብለው ሰብስበው ነገሩን። እኔም አምኜ አጨበጨብኩ፤ ምን እዋሻለሁ። ባለቤት ከሆንኩ ለቡ ድረስ ምን ያስኬደኛል አልኩ። በሳምንቱ አንዱ ባለቤት ልጁን ሐኪም ቤት አድርሶ ጥቂት ቢያረፍድ ደመወዙ ተቆረጠ።

ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተላከልን ጓድ መርሻ ይባላል። ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ምድጃው ጋ ሲመጣ አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል። የሚያውቀው ኮታ ነው። "በዚህ ወር ስንት ባሌስትራ ወጣ?" ይላል፤ ስንቱ ተሰብሮ እንደተመለሰ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ምድጃው ነዶ ብረቱ ቀልቶ እያለ፣ ለውይይት ክበብ ይጠራናል።

አንድ ማክሰኞ ከድር፣ "ጓድ፣ ብረቱ ይበርዳል" አለው።

"ብረት ይጠብቃል፤ ንቃት ግን አይጠብቅም" አለ ጓድ መርሻ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለውን ተረት እንኳ አልሰማም። ከስብሰባው ስንመለስ ከሰሉ አመድ ሆኖ፣ ብረቱም ጠቁሮ ይጠብቀናል። እንደገና ማንደድ ነው። ማታ ደግሞ ኮታው ለምን ጎደለ ተብለን እንገመገማለን። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

መዋጮም ነበር። ለእናት አገር ጥሪው ይቆረጣል፣ ለበዓሉ ይቆረጣል፣ ሁሉም "በፈቃደኝነት" ይባላል። ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ዕቁቡን የምጥለው ከጉሮሯችን ነጥቄ ነው። አስካለ ሽሮው በቀጠነ ቁጥር፣ "ይኼ ምድጃህ ገና ሳይሠራ እኛን እያነደደን ነው" ትለኛለች። ግን ዕቁቡን ተው ብላኝ አታውቅም።

የራሳችንን ምድጃ እንዳንከፍት ያሰረን ሕጉ ነው። ደመወዝ የሚበላ ሰው የሥራ ፈቃድ ማውጣት አይችልም። ፈቃድ ለማውጣት ሥራ መልቀቅ አለብህ፤ ሥራ ለመልቀቅ የመልቀቂያ ወረቀት ያስፈልግሃል፤ እሱን የሚፈርመው ደግሞ ጓድ መርሻ ነው። እሱ ሠራተኛ ከሚለቅ ጥርሱን ቢነቅል ይመርጣል። ጡረተኛ ግን ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ማንንም አይለምንም።

መንገዱን ያሳየኝ ጆሮዬ ነው። ለዓመታት መዶሻ ሲጮህበት ኖሮ ግራው ደነቆረ። ሐኪሙ መረመረኝና፣ "ከዚህ ሥራ ካልወጣህ ቀኙም ይከተለዋል" አለኝ። የሐኪም ቦርድ ፊት ብቀርብ ያለ ዕድሜዬ በጡረታ እሰናበታለሁ። ሲደነቁር የተደሰተ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለከድር በምሳ ሰዓት ነገርኩት። እኔ ቀድሜ እወጣለሁ፣ ፈቃዱን በስሜ አወጣለሁ፣ ምድጃውን እሠራለሁ። እሳቱ ሲነድ እሱ መልቀቂያ ጠይቆ ይከተለኛል። ከድር የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ።

"መልቀቂያውን ቢከለክሉኝስ?" አለኝ።

"አንተን? አንተ እኮ መቺ ነህ። መቺ ሞልቷል ብለው ይለቁሃል" አልኩት።

ከድር ዳቦውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ።

ቦርዱ ፈቀደልኝ። በሽኝቱ ዕለት ሠራተኛው ተሰብስቦ ጋቢና ከዘራ ተሸለምኩ። ጋቢና ከዘራ! ፀጉሬ ገና አልሸበተም፤ የመጨረሻ ልጄ ዳዴ ትላለች። ጓድ መርሻ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "ጓድ ደምሴ ከእንግዲህ አርፎ የሚጦርበት ጊዜ ነው" ብሎ አስጨበጨበ። ከዘራውን እዚያው ጉልበቴ ላይ ሰብሬ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም። ከድር ከኋላ ቆሞ ያየኛል። አላጨበጨበም።

ለቡ ላይ ቦታ ብጠይቅ መሬት የሕዝብ ነው አሉኝ። እኔ ሕዝብ አይደለሁም ወይ አልኩ፤ ወረፋህን ጠብቅ አሉኝ። ወረፋው እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። ለሥራ ፈቃዱ ደግሞ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም። አንዱ ጸሐፊ፣ "ለምን ማኅበር ገብተህ አትሠራም? ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል" አለኝ። "እኔ አንበሳ ማሰር አልፈልግም፤ ባሌስትራ ነው የምሠራው" አልኩት። አልሳቀም። ለወራት አመላለሰኝ።

በመጨረሻ ፈቃዱ ወጣ። ዕቁቤን አውጥቼ መካኒሳ ባለችው ቤቴ ጓሮ ውስጥ ምድጃውን ሠራሁ። መስፍ ከመርካቶ ገዛሁ፣ ወናፍ አሰፋሁ፣ ለዘይት መንከሪያ የሚሆን አሮጌ በርሜል ለሁለት አስቀደድኩ። ከዘራውን የእሳት መቆስቆሻ አደረግኩት። ጫፉ እየነደደ ዕለት በዕለት ሲያጥር ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ለከድር እሳቱ ነዷል ብዬ ላክሁበት።

ከድር መልቀቂያ ጠየቀ። ጓድ መርሻ ማመልከቻውን እንኳ አንብቦ አልጨረሰውም።

"ደምሴን ለቅቄ ምድጃዬ ሽባ ሆኗል፤ አንተን ለቅቄ ልዝጋው?" አለው። "ሁለተኛ ብትጠይቀኝ ምርት እንደማደናቀፍ ነው የምቆጥረው።"

በዚያ ዘመን ምርት አደናቃፊ መባል ምን እንደሆነ የነበረ ያውቀዋል። ላልነበረ ልንገረው፤ እንደዚያ የተባለ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ ላይመለስ ይችላል። ከድር የልጆች አባት ነው። ሁለተኛ አልጠየቀም።

መቺ ሞልቷል ብዬ አልነበር? ሞልቷል የተባለውን ልፈልግ ወጣሁ። የመጀመሪያው የቀን ሠራተኛ ጉልበቱ የበሬ ነው፤ ትንሿ መዶሻዬ ግራውን ስትነካ እሱ ቀኙን ይመታል። ሁለተኛው ብረቱ ቀልቶ ሲወጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላው ደግሞ የእኔኑ መዶሻ መትቶ ከእጄ አስፈነጠረው፤ መዶሻዬ በአስካለ ማሰሮ ላይ አርፎ ማሰሮውን አደቀቀው። ጮህኩበት፤ እሱም እኔን ረግሞኝ ወጣ። እውነት ለመናገር ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ከከድር ጋር አንዴ አግለን የምንጨርሰውን ብረት ከእነሱ ጋር ደጋግሜ ምድጃ ውስጥ መመለስ ነበረብኝ። ደጋግሞ የጋለ ብረት ጠባዩ ይበላሻል። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ ግን ይሰባበራል።

ንጉሤ የሚባል የጅማ መስመር ሾፌር የቆየ ደንበኛዬ ነበር። ደምሴ ጓሮው ውስጥ ምድጃ ከፈተ ሲባል ሰምቶ መጣ። ባሌስትራውን ሠርቼ ሰጠሁት። ሰንብቶ ሲመለስ የተሰበረውን ብረት በትከሻው ተሸክሞ ነበር፤ ጓሮዬ መሐል ወረወረው።

"ሐኪም ቦርድ ያቀረብከው ጆሮህን ነው ወይስ እጅህን?" አለኝ።

"ምን ሆነ?"

"ጊቤ ቁልቁለት ላይ ተሰበረብኝ። መኪናው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ረዳቴ በሩን ከፍቶ ሊዘል ሲል ነው የያዝኩት። እግዜር ባይኖር ዛሬ የምትመጣው ለቅሶ ነበር።"

"ንጉሤ፣ መቺ የለኝም" አልኩት።

"መቺ ከሌለህ ለምን ተቀበልከኝ?"

ገንዘቡን መለስኩለት። መሬት ላይ ትቶት ሄደ። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና፣ "ከድር ሲመጣ ጥራኝ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ መቀበል አቆምኩ። ራሴን የቻልኩ ነጻ ሰው ሆንኩላችሁ። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የለም፣ የሚገመግመኝ የለም። የጡረታዋ ገንዘብና አስካለ በርበሬ ሸጣ የምታመጣው ተደምረው ከረሃብ ያድናሉ። ቀን ቀን ደጄ ላይ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ ብርድ ሲሆን ጋቢውን እለብሳለሁ። አዎ፣ ያንኑ ጋቢ። የመካኒሳ አላፊ አግዳሚ፣ "አባባ፣ እንዴት ዋሉ?" ይለኝ ጀመር። አባባ! የሰላምታ መልስ መስጠት ተውኩ፤ ቁጣ የበዛበት ሽማግሌ ተባልኩ።

"ወንድ ልጅ ቀን ቤት ሲውል ቤቱ ይጠብበኛል" አለች አስካለ አንድ ቀን።

"ምን ላድርግልሽ? ጡረታ ወጥቻለሁ" አልኳት።

"ማን ውጣ አለህ? ጋሽ አየለን ነው የምትመስለው።"

በዚያ ቀን እራት አልበላሁም። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። እኔ የፈለግኩት ዕረፍት መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። የፈለግኩት የማንም ባሪያ ሳልሆን መሥራት ነው። ያገኘሁት ግን ከሥራውም ከባርነቱም ወጥቶ በር ላይ መቀመጥ ሆነ። ጋሽ አየለ በሰው በር ላይ ነው የተቀመጡት፣ እኔ በራሴ በር ላይ። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ላንድሮቨር ደጄ ላይ ቆመ። ጓድ መርሻ ወረደ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ። እህል የሚጭኑ የመንግሥት መኪናዎች ባሌስትራቸው እየተሰበረ ግቢው ውስጥ ተገትረዋል። ከእኔ በኋላ ትንሿን መዶሻ ለከድር ሰጥተው ከፊቱ አዲስ መቺ አቁመውበታል። በእኔ ጓሮ የደረሰው ሁሉ እዚያም ደርሷል።

"ጓድ ደምሴ፣ አገር ትፈልግሃለች" አለኝ።

"አገር ጋቢ አልብሳ ሸኝታኝ የለም እንዴ?"

"ጡረታህ ለጊዜው ይቆማል፣ በኮንትራት ትመለሳለህ፣ ደመወዝህ ይከፈልሃል።"

"የከድርን መልቀቂያ ፈርምና መኪናዎቹን ወደዚህ ላካቸው። ሁለታችን እንሠራቸዋለን" አልኩት።

ጓሮዬን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ምድጃውን፣ ለሁለት የተቀደደውን በርሜል፣ አጥሮ ክንድ ያከለውን ከዘራ።

"የመንግሥት ንብረት በግለሰብ ጓሮ ሊጠገን?"

"የከድር ጀርባስ የማን ንብረት ነው?" አልኩት።

"ጓድ ደምሴ፣ ምላስህን ሰብስብ" አለኝ፤ መሐረቡን ከአፍንጫው አነሳ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚያስፈራው። አስካለ ከበሩ ኋላ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትለምነኛለች። ዝም አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ውጫለሁ፤ ያቺ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ናት።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ከድር መጣ። አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ የአዲሱ መቺ ሥራ ነው።

"ሰውየው ነው የላከህ?" አልኩት፤ ሰላምታውንም ሳልመልስ።

"ማንም አልላከኝም።"

"ብቻ እወቀው፣ ለዚያ ሰውዬ አልመታም።"

"ለእሱ ምታ ያለህ ማን ነው?" አለ ከድር። "ሁለት ሆነን ነበር ያሰብነው። አንተ ብቻህን ጡረታ ወጣህ። ራሴን ቻልኩ ትላለህ፤ እኔ እዚያ ነኝ። ከማያውቀኝ ሰው መዶሻ ሥር ጣቴን እያስገባሁ እውላለሁ። ደግሞ መቺ ሞልቷል ብለኸኛል። ያን ቀን ዳቦው አልወርድ ብሎኝ ነበር።"

ከድር ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ የምጮኸው ግን አጣሁ። እሱ ወደ መስፌ ሄዶ የውሃ ጣሳዋን አነሳና፣ ንጉሤ ወርውሮት በሄደው የተሰበረ ባሌስትራ ላይ በእጁ ውሃ ረጨበት። ብረቱ ከተወረወረ ወራት አልፈውታል፤ በምን ይጮሃል።

"ይኸው፣ በርዷል" አለና ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ነፋስ ስልክ ገባሁ። ሠራተኛው ሲያየኝ በሳቅ ሞተ። "አባባ፣ ከዘራዎን የት ጣሏት?" ይሉኛል። "ነደደች" እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጓድ መርሻ ቢሮ ነው። "ምድጃዬ እየነደደ ስብሰባ የሚባል የለም፤ ለእኔም ለከድርም። ከተስማማህ እሠራለሁ፣ ካልተስማማህ ወደ ጋቢዬ እመለሳለሁ" አልኩት። ፊቱ ደም መሰለ። በመስኮቱ የተገተሩትን መኪናዎች አየ። "ለጊዜው" አለ። በደርግ ዘመን ሁሉ ያገኘሁት ነጻነት ያች ብቻ ናት፤ ማክሰኞ ከሰዓት።

ከድር ትንሿን መዶሻ መስፉ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወተፍኩ። ብረቱ ሲቀላ አወጣሁት፣ ነካሁት፣ ትልቁ መዶሻ እዚያችው ላይ አረፈ። ያ ብረት ወደ ምድጃው ሳይመለስ በአንድ ግለት አለቀ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ዛሬም የሚናፍቀኝ ያ ቀን ነው፤ ለማን እንደምሠራ ሳስታውስ ግን እንደገና ተናደድኩ። ደስታውና ንዴቱ አብረው ነበሩ፣ እስከ መጨረሻው።

እንደዚያው ዓመታት ሄዱ። የመካኒሳው ምድጃ የአስካለ ዶሮዎች መኝታ ሆነ። ከድር በየዓመቱ መልቀቂያ ልጠይቅ ይላል፣ በየዓመቱ እኔ ነኝ የምከለክለው፤ ልጆችህን አስብ እለዋለሁ።

ደርግ ሲወድቅ ጓድ መርሻ ቢሮውን ቆልፎ ጠፋ። መልቀቂያ የሚፈርም አልነበረም፤ የሚከለክልም አልነበረም። ከተማው ትንሽ እንደተረጋጋ ከድር ትልቁን መዶሻ ትከሻው ላይ አድርጎ ከነፋስ ስልክ መካኒሳ ድረስ በእግሩ መጣ። መንገድ ላይ ታጋዮች አስቁመው ምንድን ነው ይኼ ብለውታል፤ የእኔ ነው አላቸው፤ በመዳፉ ልክ የጎደጎደውን እጀታ አይተው አሳለፉት። ጓሮዬ ገብቶ መዶሻውን ከመስፉ አጠገብ አቆመው።

"መልቀቂያዬን ይዤ መጣሁ" አለኝ።

አስካለ ዶሮዎቿን ከምድጃው አባረረች። ንጉሤን አስጠራሁት፤ መጣ።

ደስ ይላል ትሉ ይሆናል። እኔን አያስደስተኝም። ያኔ ጋቢውም ከዘራውም በእርግጥ የሚያስፈልገን ሰዎች ሆነን ነበር። ጉልበታችንን የበላው ሌላ ነው፤ ለራሳችን የደረሰን ትርፍራፊው ነው። የራሳችን ምድጃ ለጥቂት ዓመታት ነደደ፣ ከዚያ የከድር ወገብ እንቢ አለ። አንድ ቀን ትልቁን መዶሻ አንስቶ ሳይመታ መልሶ አወረደው። አየኝ። ብረቱ ገና ቀይ ነበር። ትንሿን መዶሻ መስፉ ላይ በጎኗ አስተኛኋት። እኔ ጡረታ የወጣሁት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ወደ ጋራዥ ብቅ ስል እናንተ ልጆች፣ "ጋሼ፣ በአርባ ዓመታችን ሥራ አቁመን ራሳችንን ችለን መኖር ነው የምንፈልገው" ትሉኛላችሁ። ፈልጉ፤ እኔም ፈልጌ ነበር። ግን ባሌስትራ የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። ስትወጡ ትልቁን መዶሻ የያዘውን ሰው ይዛችሁ ውጡ።